ቡናማ ጥርስና የጥርስ ማንጫ ምርቶች፦ አዳማ ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ ከ«የመልካሳ መንገድ»

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የምኖርና በአንድ መሥሪያ ቤት በእንግዳ መቀበያ ላይ የምሠራ ወጣት ነኝ። ያደግኩት ከከተማው ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ ልጅ ሳለሁ ቤተሰባችን የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ደግሞ መሐላቸውን አቋርጦ የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር፣ ጠርዛቸው ላይም ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ አለባቸው። ታናሽ ወንድሜም፣ አብረውኝ የተማሩት አብዛኞቹ ልጆችም ጥርሳቸው እንደኔው ነው። መንደር ሳለን ይህን ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም። ከተማ ገብቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ሰው ሲያናግረኝ ዓይኑ የት ላይ እንደሚያርፍ ስለማውቅ፣ ሳቅ ሲመጣብኝ እጄ ሳላዘው አፌን ይሸፍናል።

ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። ችግሩ ምርጫው መብዛቱ ነው። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ ቲክቶክ ላይ የማየው «ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ» የሚል ቪዲዮ ሁሉ ጥርስ ያነጣል ይላል፤ የከሰል ዱቄት፣ ሐምራዊ የጥርስ ሳሙና፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስተር፣ ሰማያዊ መብራት ያለው አፍ ውስጥ የሚያዝ መሣሪያ፣ ከጥርስ ላይ ተሰክቶ የሚወልቅ ሽፋን፣ ሁሉም አለ። አክስቴ በበኩሏ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ደባልቄ እንድፈትግበት ትመክረኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ገንዘቤን ከማባክን ጥርሶቼን አስሞርጄ ካፕ (ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሽፋን) ባስገባ እንደሚሻለኝ ነግራኛለች።

እስካሁን የሞከርኩት አንድ የከሰል ዱቄት ብቻ ሲሆን፣ ቀለሙ ፈቀቅ ሳይል ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥርሴን እየጠዘጠዘኝ ስለመጣ አቁሜዋለሁ። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ሙያው ያለው፣ ወይም በራሱ ጥርስ ያየው ሰው ካለ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለይቶ እንዲነግረኝ እለምናለሁ። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ነገ ልጅ ስወልድ እሱም እንደኔ እንዲሆን አልፈልግም።


መልስ፦ ከ«ፍራንኮ ኮስሞቲክስ ቤት»

ውድ እህቴ፣ እኔ የምተዳደረው በኮስሞቲክስ ንግድ ነው፤ የምነግርሽም ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ የማየውን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጥርስ ማንጫ ጠያቂው እጅግ ጨምሯል። ቀድሞ ደንበኛ የሚጠይቀን የፀጉር ቅባት፣ ሎሽንና ሽቶ ነበር። አሁን ግን ሠርግ፣ ምርቃትና የሥራ ቃለ መጠይቅ ያለበት ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ እያሳየ «ይኼን ዓይነት አላችሁ?» ይላል። ስለዚህ ነጋዴው ያመጣል፤ ያመጣውን ሁሉ ግን መርምሮ ያመጣል ማለት አይደለም።

የከሰሉን ዱቄት በተመለከተ፣ በገበያው ካሉት ብዙዎቹ ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ውስጥ የታሸጉ ሲሆኑ፣ መለያቸው ላይ የአምራቹ አድራሻም ሆነ የይዘቱ ዝርዝር በአግባቡ አይገኝም። ከመግዛትሽ በፊት ጥቂቱን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል አድርገሽ እሺው። አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ ጥርስሽም ላይ የሚሠራው ያንኑ ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ማስመጣቱን ትቻለሁ፤ የሚሸጡትን ባልደረቦቼንም ስለዚሁ በግልጽ አነጋግሬያለሁ። ሐምራዊው ሳሙና ጉዳት አለው ለማለት አልደፍርም፤ ሐምራዊ ቀለም ብጫን ለዓይን ስለሚያጠፋው ጥርሱ ለጥቂት ሰዓት ነጣ ብሎ ይታያል፣ ሲታጠቡት ግን አብሮ ይወርዳል። ቡናማ ላይ ደግሞ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን የረባ ለውጥ አላየሁበትም።

ተሰክቶ ስለሚወልቀው ሽፋን ለፎቶ ብለው የገዙ ሙሽሮችን አውቃለሁ። ልኩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ንግግር ያበላሻል፣ ከንፈርንም ወደ ፊት ይገፋል። ሚዜዎች ሲያጎርሱሽ ማውለቅ ይኖርብሻል፤ ለሠርግሽ ቀን ይህን ጣጣ አልመኝልሽም።

ፕላስተሩና ጄሉ ግን በውስጣቸው መድኃኒትነት ያለው ኬሚካል ስላላቸው፣ ስለ እነሱ ከእኔ ይልቅ ሐኪም ቢናገር ይሻላል። ከንግዱ በኩል ልጨምር የምችለው ነገር ቢኖር፣ እንዲህ ያለው ዕቃ በአዳማ ሙቀት በቆርቆሮ ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ኃይሉን ያጣል። በሻንጣ የመጣና ማብቂያ ቀኑ በስቲከር የተሸፈነ ካጋጠመሽ በዋጋው ርካሽነት አትታለይ።


መልስ፦ ከ«የአፍ ጤና ባለሙያ፣ አዳማ»

ጠያቂዋ የገለጹልን ምልክት፣ ማለትም በጥርሱ ላይ አግድም የሚሄደው ቡናማ መስመርና ኖራ የመሰለው ነጭ ነጠብጣብ፣ በጉድጓድ ውሃ ከማደጋቸውና ወንድማቸውም ተመሳሳይ ከመሆኑ ጋር ሲታይ፣ የጥርስ ፍሎሮሲስ፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ በጥርስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው በአካል ሲታይ ብቻ ቢሆንም፣ በዚህ አካባቢ የምንሠራ ባለሙያዎች በየዕለቱ የምናየው ነገር ነው።

ፍሎራይድ በተፈጥሮ በውሃ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመነጨ በመሆኑ፣ በዚያ ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ እያሟሟ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በቆላ የሚያድግ ልጅ በደጋ ከሚያድገው ይልቅ ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ፍሎራይድም በዚያው ልክ ይጨምራል። ቋሚ ጥርሶች ከድድ በታች ሆነው በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ኢናሜል የሚባለውን የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን የሚሠሩትን ሴሎች ሥራ ያስተጓጉላል። በዚህም ምክንያት ጥርሱ በማዕድን ሳይሞላ፣ ውስጡ ዓይን በማያየው ቀዳዳ የተሞላ ሆኖ ይወጣል። ሲበቅል ነጭና ደብዛዛ ነው፤ ቡናማው ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከምግብና ከመጠጥ የሚገኘው ቀለም በእነዚያ ቀዳዳዎች እየሰረገ ሲገባ ነው።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ ያለው በጥርሱ ገጽ ላይ ሳይሆን ከገጹ ሥር ስለሆነ በመፈተግ ሊለቅ አይችልም። የከሰል ዱቄት የቡናን፣ የሻይንና የሲጋራን የላይ ላይ ቆሻሻ ያነሣ ይሆናል፤ ፍሎሮሲስን ግን አይነካውም፤ በዚያ ላይ ቀድሞውኑ የሳሳውን ሽፋን ይበልጥ ይሞርደዋል። ጠያቂዋን የጠዘጠዛቸውም ምናልባት ይኸው ነው። የአክስትዎ ምክር ከዚህም የከፋ ጉዳት ያመጣል። የሎሚ ጭማቂ የአሲድነት መጠኑ በፒኤች መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ሲሆን፣ ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው ገና ወደ 5.5 ሲወርድ ነው። በአሲድ የለሰለሰ ጥርስ ላይ ወዲያው ዱቄት መፈተግ ሽፋኑን አንሥቶ መጣል ነው፤ የተነሣ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ወደሚሠራው ልምጣ። ማንጫ ጄሎቹና ፕላስተሮቹ የሚሠሩት በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወይም በካርባማይድ ፐሮክሳይድ ነው። በጥርስ ሕክምና ለቤት የሚሰጠው የተለመደው ጄል 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ ያለው ሲሆን፣ አፍ ውስጥ ሲፈርስ 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሰጣል። ለጥርስዎ ልክ በተሠራ ስስ የፕላስቲክ ቅርጽ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ሌሊት ለሳምንታት ይደረጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ0.1 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለው ማንጫ በቀጥታ ለሸማች አይሸጥም፤ እስከ 6 በመቶ ያለውም ቢሆን በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ፣ ዕድሜያቸው 18 ለሞላ ሰዎች ይሰጣል። በቴሌግራም ሲገዙ መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚነግርዎ ሰው የለም። ሰማያዊው መብራት በማስታወቂያ የሚባልለትን ያህል ውጤቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ማንጫው ቡናማውን ያቀለዋል፤ ነጩን ነጠብጣብ ግን አያጠፋውም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ጎልቶ እንዲታይ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል። ለዚህ ነው ፍሎሮሲስ በአንድ ዘዴ ብቻ የማይታከመው። ቀለል ላለው፣ የተመጠነ አሲድና ደቃቅ ዱቄት በያዘ ውህድ የጥርሱ የላይኛው ክፍል ከሚሊ ሜትር አሥረኛ ባልራቀ መጠን በባለሙያ እጅ ይነሣል፤ ድዱ በላስቲክ ተሸፍኖ የሚሠራ ስለሆነ ከቤት ፍተጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከዚያ ማንጫው ይከተላል። ነጭ ነጠብጣቡ አሁንም ከታየ፣ ቀዳዳውን የሚሞላ ፈሳሽ ሬዚን በማስረግ ወይም በላዩ ላይ በጥርስ ቀለም በተዘጋጀ ሙሌት በመሸፈን ይስተካከላል።

ስለ ካፕ አጥብቄ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ለካፕ ሲባል ጥርስ በዙሪያው ሁሉ ይሞረዳል። ጤነኛ ሥር ያለውን የወጣት ሰው ጥርስ ለቀለም ብቻ እንዲህ መሞረድ፣ ከዓመታት በኋላ ነርቭ እስከ መሞትና ጥርስ እስከ ማስነቀል ሊያደርስ የሚችል፣ ወደኋላ የማይመለስ ውሳኔ ነው። ከፊት ብቻ የሚለጠፈው ቬኒር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ቢነሣለትም፣ እሱም በዓመታት ውስጥ መተካቱ ስለማይቀር የዕድሜ ልክ ወጪ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚገቡት ገጹ ተሸራርፎ ጉድጓድ ለሠራ ከባድ ፍሎሮሲስ ነው። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ላይ በቀጥታ ካፕ የሚያቀርብልዎ ሰው ካጋጠመዎ ሌላ ሐኪም ዘንድም ይታዩ።


መልስ፦ ከ«የወንጂ ልጅ»

ከእኔ በፊት የተጻፈው የሕክምናው ጉዳይ በሚገባ የተብራራ በመሆኑ በእሱ ላይ የምጨምረው የለኝም። የምጽፈው ጠያቂዋ ስለ ሰው ዓይን ያነሡት ነገር ልቤን ስለነካኝ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ነው። የስኳር ፋብሪካው ከሆላንዶች ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከየአገሩ ለመጣው ሠራተኛና ቤተሰብ የሚጠጣ ውሃ የወጣው በየካምፑ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነበር። የውሃው ጣዕም ደህና ነው፣ መልኩም ኩልል ያለ ነው፤ ምን እንደያዘ የታወቀው ልጆች ጥርስ ካወጡ በኋላ ነው። እኛ የሠራተኛ ልጆች አፋችንን ስንከፍት የት እንዳደግን ይታወቅ ነበር። ጥርስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያንን ውሃ የጠጡ አባቶች ጀርባቸው ግትር ብሎ፣ ሰው ሲጠራቸው አንገታቸውን ብቻ ማዞር አቅቷቸው መላ ሰውነታቸውን ሲያዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። በሽታው አጥንት ውስጥም ይገባል፤ ወንጂም ስለዚሁ በሐኪሞች ተደጋግሞ የተጠና ቦታ ነው። ይህን የማነሣው ጠያቂዋን ለማስፈራራት አይደለም፤ የጥርሱን ቀለም የሚያስከትለው ዋናው ነገር የውሃው ጉዳይ እንጂ የንጽሕና ጉድለት አለመሆኑን ሁሉም ሰው እንዲያውቅ ነው።

አዳማ ውስጥ ግን ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ከሌላ አገር የመጣ አለቃ፣ ቡናማ ጥርስ ያለውን ወጣት አይቶ «ጥርሱን አይፍቅም» ወይም «ጫት ይቅማል» ብሎ ይደመድማል። ደንበኛ ፊት የሚቆም ሠራተኛ ሲቀጠር ይህ ሚዛን ውስጥ ገብቶ እንደሚያስቀር ከአንድም ሁለት ሰው ሰምቻለሁ፤ ነውር ነው። በዚህ ከተማ ሰው የሚቀጥር ሁሉ፣ ከፊቱ የቆመው ሰው በሕፃንነቱ የትኛውን ጉድጓድ እንደጠጣ የመምረጥ ዕድል እንዳልነበረው ሊያውቅ ይገባል።

ጥርስን ማሳመር በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ጥርሳቸው ሐጫ በረዶ መስሎ እንዲታይ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ጥቁሩ ድድ ነጩን ጥርስ ያጎላዋል። የወይራ መፋቂያም በየመንገዱ ዳር በእስር በእስር ተደርድሮ ዛሬም ይሸጣል። እኔ እስካሁን በመፋቂያ ነው የምጠቀመው፤ ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ካለሰለሱት በኋላ ድድን ሳይጭሩ ከላይ ወደ ታች ቢፍቁበት የዕለት ቆሻሻን ጥርግ አድርጎ ያወጣል። ከውሃ የመጣውን ቀለም ግን እንደማያነሣው ሰባ ዓመት ሊሆነኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ሆኜ እመሰክራለሁ። ልጄ፣ መታከሙን ከፈለግሽው ታከሚ፤ እንከን ያለብሽ መስሎሽ ግን አይሁን።


መልስ፦ ከ«የሁለት ልጆች እናት»

ስለሚወለደው ልጅ ላነሣሽው ጥያቄ እኔ ልመልስልሽ፤ በውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ዘወትር የሚገጥመኝ ጉዳይ ነው።

ፍሎሮሲስ በዘር አይተላለፍም። አንቺና ወንድምሽ አንድ ዓይነት የሆናችሁት አንድ እንስራ ስለጠጣችሁ ነው። ልጅሽ ንጹሕ ምንጭ ካገኘ የእሱ ጥርስ ካንቺ ጥርስ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ የገጸ ምድር ውሃ ደግሞ በአብዛኛው ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ያነሰ ፍሎራይድ አለው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቧንቧው በፈረቃ ሲቋረጥ ነው። በቦቴና በጋሪ በጀሪካን የሚመጣው ውሃ ከየት እንደተቀዳ መጠየቅ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ሰዎች «ኩልል ያለ ነው» ብለው ይገዛሉ፣ ፍሎራይድ ግን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ምንጩን ካላወቅሽ ለልብስና ለቤት አድርጊው እንጂ ለሕፃን አትስጪው።

እናቶች ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ፤ «እኔ እኮ አፍልቼ ነው የማጠጣው» ይሉኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አይቀንስም። ውሃው እየተነነ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ ብዙ በተፈላ ቁጥር መጠኑ ይበልጥ ይጠነክራል። የውሃ አጋርም ሆነ ሌላው የክሎሪን መድኃኒት፣ የጨርቅና የሸክላ ማጣሪያም ይህን አያወጡም። ፍሎራይድ የሚያወጡት ለዚሁ የተሠሩ ዘዴዎች ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል የከብት አጥንት በልዩ ሁኔታ ተቃጥሎ የሚዘጋጀው ማጣሪያ፣ አልሙንና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ፣ እንዲሁም ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው መሣሪያ ይገኙበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ተተክለው የሠሩ ናቸው፤ የሚያስቸግረው ጥገናቸውና ማጣሪያውን በወቅቱ መቀየሩ ነው። የአጥንቱ ማጣሪያ ከጠገበ በኋላ ውሃው እንደ ቀድሞው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ፍሎራይዱም አብሮት ይወርዳል፤ በምርመራ ካልሆነ ማንም አያውቅም። ገጠር ያሉት ወላጆችሽ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ከሆነ፣ የክረምቱን ዝናብ በአሸንዳ ወደ ተከደነ በርሜል እያጠራቀሙ ለሕፃናት መጠጥ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል።

ሕፃኑ ሲወለድ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ጡት ብቻ ማጥባት ለዚህም ይጠቅመዋል። እናቲቱ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። የቆርቆሮ ወተት በጉድጓድ ውሃ መበጥበጥ ግን በቀጥታ ለልጁ መስጠት ነው። ጥርስ ማውጣት ሲጀምር የሳሙናውን መጠን የሩዝ ፍሬ አድርጊለት፤ ከሦስት ዓመቱ በኋላ ከአተር ፍሬ አይብለጥ፤ እንዳይውጠውም አጠገቡ ቁሚ። ሻይ ራሱ ፍሎራይድ ስላለው ለሕፃን በጡጦ ሻይ የመስጠቱን ልማድ ብትተዪው መልካም ነው። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚደረገው ጥንቃቄ ለፊት ጥርሶቹ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሽፋናቸው የሚሠራው በዚያ ዕድሜ ነውና።


ከጠያቂዋ፦ «የመልካሳ መንገድ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ማፍላት እንደማይጠቅም ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር፤ ለእናቴም ዛሬውኑ ደውዬ ነግሬያታለሁ። የወንጂው አባታችን የጻፉልኝን ደግሞ ለወንድሜ አንብቤለታለሁ።

ለባለሙያው ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ፍሎራይድ ይህን ካደረገብኝ ከዚህ በኋላ ፍሎራይድ የሌለበት የጥርስ ሳሙና ልጠቀም ይገባኛል? ሱቅ ውስጥ እንዲህ የሚል የተጻፈበት አይቻለሁ፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። ሁለተኛ፣ ከሠርጉ በፊት በቂ ጊዜ አለኝ ወይ?


መልስ፦ ከ«የአፍ ጤና ባለሙያ፣ አዳማ»

ሳሙናውን አይቀይሩ። ፍሎሮሲስ የሚፈጠረው ጥርስ ከድድ ሥር በሚሠራበት ዕድሜ ብቻ ስለሆነ፣ ያደገ ሰው ጥርስ ላይ ሳሙና ሊያመጣው አይችልም። ከላይ የሚነካው ፍሎራይድ ሌላ ሥራ አለው፤ የተጎዳውን ገጽ ያጠነክራል፣ እንዳይበሰብስም ይከላከላል፤ የእርስዎ ጥርስ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ የተጻፈበትን ማንኛውንም የተለመደ ሳሙና ይግዙ፤ ሲጨርሱ ይትፉት እንጂ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጡ። መጠዝጠዙ እስኪለቅዎ ድረስ ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዐቢይ ጾም ራሱ 55 ቀን ስለሆነ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ቢታዩ ይደርስልዎታል። በመጀመሪያው ቀን የተበሳ ጥርስ ወይም የድድ ችግር ካለ እሱ ይታከማል፤ ማንጫ በተበሳ ጥርስ ላይ አይደረግም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጥርጣሬ ካለዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ማንጫው ከወሊድና ከጡት ማጥባት በኋላ ይቆይ ይባላል። ማንጫው ካለቀ በኋላ ወዲያው ሙሌት ቢለጠፍ በደንብ ስለማይዝ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፤ ቀለሙም የሚረጋው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ የማንጫውን ሥራ ከሆሣዕና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲያልቅ አድርገው ቀጠሮ ይያዙ። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪሙ ጥርስዎን በፎቶ አንሥቶ እንዲያስቀምጥና የእያንዳንዱን ደረጃ ዋጋ ለየብቻ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች በኋላ ባገኘው ውጤት ረክቶ እዚያው ላይ ያቆማል።